ስድስት ሰዓት ላይ ያለው ጉማሬ

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ለመመርመር ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። አንዱን ዓይኔን አስሸፍና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሰሌዳ እያመለከተች፣ «አባባ፣ አሁንስ ምን ይታይዎታል?» አለችኝ። መመለስ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ልጅቱ ግራ ገብቷት «ምነው አባባ?» ስትለኝ፣ «ምንም አይደል ልጄ፤ ይህን ጥያቄ በወጣትነቴም ተጠይቄው ነበር፣ ያን ጊዜም አላለፍኩም» አልኳት። እሷም እየሳቀች ጠብታ አደረገችብኝና ኮሪደሩ ላይ ጠብቅ ተባልኩ። ጠብታው ሰውን ሁሉ ጭጋግ ስለሚያስመስል የሚታይ ነገር አልነበረኝም። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሰው ወደ ኋላ ከማየት በቀር ምን ሥራ አለው?

ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር ጎረምሳ ነበርኩ። ደመወዜ ትንሽ፣ ኩራቴ ብዙ። ሰናይት የምትባል ነርስ ወድጄ፣ እሷም ወዳኝ፣ ሽማግሌ ወደ አባቷ ላክሁ። አጎቴ፣ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የነፍስ አባታችን ሄዱ። እኔ ቤት ሆኜ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። የሴት አባት እሺ ይላል፣ ወይም እምቢ ይላል፣ አለዚያም «ከዘመድ ልምከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ሽማግሌዎቼ ግን ሦስቱም ማንም ሰምቶት የማያውቅ መልስ ይዘው ተመለሱ። የሰናይት አባት ጋሽ ንጋቱ፣ «ልጁ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ጎርጎራ ይውረድና ዓሣ አጥምደን እንምጣ። መልሴን ከዚያ በኋላ ትሰማላችሁ» ብለዋል።

ሳምንቱን ሙሉ ይህ ነገር ሲፈታ ሰነበተ። አጎቴ «ጉልበትህን ሊያዩ ነው፤ ዕቃውን ሁሉ አንተ ተሸከም» አለኝ። የነፍስ አባታችን ጋሽ ንጋቱ ትዕግሥቴን ሊመዝኑ እንደፈለጉ ነገሩኝ። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ ነገሩ በዘዴ እምቢ ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ሰናይትን ብጠይቃት «ሂድ በቃ፤ ምን ቸገረህ?» ብላ ፊቷን አዞረች። እንግዲህ ከዚህ ምን ይያዛል? ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ዋናም አልችልም ነበር።

ስለ ጋሽ ንጋቱ ትንሽ ልንገራችሁ። በመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ ሲጠገን አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አለቃቸው ነበር። ሰውየው በየእረፍቱ ይዟቸው ወደ ጣና ይወርድና እንደ አገሩ ማጥመድ ያስተምራቸዋል። አገሩ ሲገባ የማጥመጃ ዘንጉን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ ማጥመድ የፈለገ እንግዳ ሁሉ ጋሽ ንጋቱን ሳይዝ ሐይቁ ዳር አይደርስም ነበር። አጠማመዱ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ታንኳም መረብም የለም። ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ ዓሣውን በዓይን ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙት ረጅሙን ክር በአየር ላይ አወዛውዘው ፊቱ ላይ ጣል ያደርጉለታል። መንጠቆው ላይ ምግብ አይደረግም፤ የዶሮ ላባ ብቻ ይታሰርበታል። ጋሽ ንጋቱ ዝንብ ይሉታል።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጎንደር በጠዋት እጅ የሚያቆረፍድ ብርድ አለ፤ አዘዞን አልፈን ወደ ደምቢያ ሜዳ ስንወርድ ግን ኮቴን አወለቅሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ቆላድባ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ዳቦ ገዛሁ። ጋሽ ንጋቱ ዳቦውን ተቀብለው ሳያዩት አሸተቱትና «ሸጋ ዳቦ ነው» አሉ። እኔ ይህንንም መዘገብኩት፤ ዳቦ መምረጥ አንድ ነጥብ ያስገኛል ብዬ። ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ አልተናገሩም። እኔም ዝምታቸውን ስተረጉም ቆየሁ።

ሐይቁ ዳር ደርሰን ሱሪያችንን ጠቀለልን። ጋሽ ንጋቱ ዘንጉን እየገጣጠሙ ሕጉን አስረዱኝ።

«አንተ ከጎኔ ሁነህ ታያለህ። የት እንዳለ በሰዓት ትነግረኛለህ። እንግዶቹም እንዲያ ነው የሚሉት። ፊት ለፊትህ ስድስት ሰዓት ነው።»

«አሥራ ሁለት አይደለም?» አልኩ፣ የእጅ ሰዓቴን አየት አድርጌ።

«ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም ስንት ሰዓት ነው? ቀን ስድስት አይደል? የፈረንጁን ሰዓት ለፈረንጅ ተወው።»

እንግዲህ ፊት ለፊት ስድስት ከሆነ ቀኝ ዘጠኝ፣ ግራ ደግሞ ሦስት ይሆናል። በቃል ሲሉት ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጭቃው ጣት መሐል እየገባ፣ የወደፊት አማት አጠገብ ሆኖ ማስላት ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ዓሣ ያየሁ በመሰለኝ ጊዜ በቀኜ ነበር፤ «ሦስት ሰዓት!» ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ ንጋቱ ክሩን አሳምረው ወደ ግራ ጣሉት። ግራ በኩል ከአንድ የሰበዝ ቁራጭ በቀር ምንም አልነበረም። «ይቅርታ፣ ዘጠኝ!» ስል ዓሣው ሄዷል።

«ምንም አይደል» አሉኝ። «አሁንስ ምን ይታይሃል?»

ይህን ጥያቄ በየአምስት እርምጃው ይጠይቁኝ ጀመር። ምን ይታይሃል? ከሣሩ ወዲህስ? ውሃው መልኩን የለወጠበት ቦታ አለ? እኔ ፈተና ላይ ነኝ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ጥላ ሁሉ ዓሣ፣ ዓሣ ሁሉ ጥላ ሆነብኝ። ባዶ ነው ብል ሰነፍ እባላለሁ፣ አለ ብዬ ከሌለ ደግሞ ውሸታም እባላለሁ። በስንት መከራ አንዱን በዘጠኝ ሰዓት አሳየኋቸውና ጣሉለት። ክሩ ሲወጠር ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ሲታገል ቆይቶ እጃቸው ገባ። በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና ውሃ ውስጥ መልሰው ለቀቁት።

ክው አልኩ። ለዚያ ሁሉ ድካም ያገኙትን ለምን ይለቃሉ? «እንዲህ ነው፤ ይዞ መልቀቅ» አሉኝ። መሐንዲሱ ያስለመዳቸው ነገር እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የገባኝ ሌላ ነበር፦ እኚህ ሰው በእኔ ላይ መፍረዳቸው ነው፣ አየሁህ፣ ሂድ በሰላም ማለታቸው ነው። የሰናይትን ፊት እያሰብኩ ውሃው ውስጥ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ጉማሬው የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ፊት ለፊታችን፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ ጆሮውን እያራገበ ብቅ አለ። ደነገጥኩ። ጋሽ ንጋቱ ግን መሄዳቸውን አላቆሙም! ቀስ ብለው፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ እሱ። ያ ሁሉ የሳምንት ትርጓሜ መጣብኝ። ለካ ፈተናው ወኔ ነው፣ ወደኋላ ካልኩ ሰናይትን አጣለሁ ብዬ አጠገባቸው ተራመድኩ። ጉማሬው አፉን ከፈተ። ጥርሱን ቆጥሬ መጨረስ እችል ነበር።

«አሁንስ ምን ይታይሃል?» አሉኝ ጋሽ ንጋቱ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ።

«ጉ... ጉማሬ።»

ቀጥ አሉ። «የት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ!»

«አንተ ልጅ፣ ምነው ዝም አልህ?»

«እርስዎም የሚያዩት መስሎኝ ነው፣ ጋሼ!»

«አላይም» አሉ። «እኔ አላይም።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ውሃውን ሳናንቦጫርቅ የኋሊት ወጣን። እንዴት እንደወጣን ዛሬም በደንብ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ትከሻዬን የያዙበትን ጥንካሬ ነው።

ዳር ላይ ተቀምጠን ዳቦውን ቆረስን። ብርሃንና ጥላ እንደሚለዩ፣ ሌላው እይታቸው ግን ከጠፋ መቆየቱን ነገሩኝ። «ለሰናይት እንዳትነግራት። ካወቀች ይህን ውሃ ትከለክለኛለች። እዚህ ስሆን ብቻ ነው ሰው የምሆነው።» የዳቦውን ፍርፋሪ ከእጃቸው አራገፉና፣ «ሽማግሌዎችህ እሁድ ይምጡ» አሉ።

ስመኘው የኖርኩት ቃል ይኸው ነበር፤ ነገር ግን ልደሰትበት አልቻልኩም። ይህ እሺታ ነው ወይስ የአፍ መዝጊያ? ዝም ብል ሚስቴን ገና ከመነሻው ልደብቃት ነው፣ አባቷም አንድ ቀን ውሃው ውስጥ ሊቀሩ ነው። ብናገር ደግሞ እሁድ በሩ ይዘጋብኛል። በሚኒባስ ስንመለስ እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ የጎንደር ዳገት እስኪያልቅ ዓይኔን አልከደንኩም።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ሽማግሌዎቼ ጋቢያቸውን ሳይደርቡ፣ ሰናይትን የአዳር ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። ላጣት እንደምችል እያወቅሁ ነገርኳት። እሷ ጉማሬው ላይ ስደርስ ብቻ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዓይኑንማ እናውቃለን» አለች። «እማዬም፣ ወንድሞቼም፣ ሁላችንም። እንዳወቅን እንዲያውቅ አንፈልግም እንጂ። ብቻውን ሊሄድ ሲነሣ ጊዜ ‹ልጁን ይዘኸው ሂድና እየው› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እና ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ተናደድኩ፤ በእውነት ተናደድኩ። «ጉማሬ ሊበላኝ ነበር እኮ!»

«ብነግርህ ታዝንለት ነበር። አባዬ ደግሞ የሚያዝንለትን ሰው ይዞ ውሃ አይገባም።»

እሁድ ጋሽ ንጋቱ ልጃቸውን ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እኔ እያየሁ እሳቸው እየጣሉ አጠመድን፤ ሰዓቱንም ለመድኩት። ቤት ውስጥ ግን ስለ ዓይናቸው አንድም ሰው አንድም ቀን አላነሣም። ማወቃችንን ያውቁ ይሆን? እኔ መናገሬንስ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊያርፉ በተቃረቡበት ሰሞን ግን ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት እሺ ያሉኝ ዝም እንድል ነው?» አልኳቸው። ረጅም ሳቅ ሳቁ።

«እኔ እኮ ቀድሜ ጨርሸ ነበር። ሰናይት ስምህን ስትጠራ ድምጿን ሰማሁት፤ በቃኝ። ቅዳሜማ ዓሣ ማጥመድ አምሮኝ ነው።»

ይህም እውነት ይሁን ወይም ለእኔ ደስታ ብለው ያሉት፣ ማን ያውቃል?

እዚያ ላይ ስደርስ ስሜ ተጠራ። ሐኪሟ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ፤ የዓይኔ ግፊት ጉዳት አድርሷል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ለመጠበቅ ይሞከራል። አመስግኜ ተነሣሁ። ለሰናይት እንደማልነግራት ከወንበሩ ሳልነሣ ወስኜ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣም ፀጉሬን ልቆረጥ ነው ብያት ነበር።

በሩን ስከፍት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ እንኳ አቀማመጧን አላጣውም። ማን እንደነገራት አልጠየቅኋትም፤ እሷም ምን እንዳሉኝ አልጠየቀችኝም። «ፀጉር ቤቱ ዝግ ነበር መሰለኝ» ብላ ተነሣችና ፊት ፊቴ መንገድ ጀመረች።

ሰናይት መንገድ ላይ ስታማርር ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፏ አላርፍ አለ። «ይህን ደረጃ ደግሞ እንዲህ አጥብበው ሠርተውት! ይህ ባጃጅ ቀኙን ይዞ ቢቆም ምን አለበት? እዩት እስቲ፣ ይህን የሚያህል ጉድጓድ መሐል መንገድ ላይ ትተው ሄዱ!» እያለች ትሄዳለች። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ ግራ ገብቶኝ፣ ዓይኔ ያልለየውን ጉድጓድ ዞር ብዬ አልፌ ተከተልኳት።