የሚያፈሰው የእኔ ነበር

እኔ ዝም ማለት ያለብኝ ቦታ ላይ እናገራለሁ፤ መናገር ያለብኝ ቦታ ላይ ደግሞ ጭጭ እላለሁ። ይህን ጠባዬን እናቴም ባሌም ነግረውኛል፤ አላውቀውም አልልም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በገባን በአራተኛው ዓመት ግን ሁለቱንም ጥፋት ባንድ ወር ውስጥ ሠራሁ።

ውሃ በእኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ካልቀረ። ስለዚህ ባንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ አሥር ቤተሰቦች ተሰባስበን አንድ ትልቅ ታንከር አስተከልን። ውሃ ሲመጣ በፓምፕ ይሞላል፣ ሲጠፋ ለየቤታችን ይወርዳል። በቁጠባ ከተጠቀምንበት እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያደርሰናል፤ ሁለት ዓመትም አድርሶናል። ከዚያ አንድ ክረምት መውጫ ላይ ሳይታሰብ ማለቅ ጀመረ። ቅዳሜ የሞላው ሰኞ ጠዋት ድርቅ ብሎ ይገኛል። እኔ ሥራዬ ሳሪስ ስለሆነ የሚኒባስ ሰልፍ ለመያዝ ገና በንጋት መውጣት አለብኝ። ፊቴን በአንድ ኩባያ ውሃ አርሼ ስወጣ፣ ደረጃውን እየወረድኩ የማልሳደበው ስድብ አልነበረም።

ግራውንድ ላይ አንዲት ተከራይ ነበረች፤ እድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ከአልጋ የማይነሱ እናቷን ታስታምማለች። እናትየው ስትሮክ መቷቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሽንታቸውም አይታወቃቸውም። አንሶላቸው በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይታጠባል። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የእሷ አንሶላ የማይሰጣበት ቀን አልነበረም፤ እኔም ከሦስተኛ ፎቅ መስኮቴ ላይ ሆኜ አንሶላ ስቆጥር ከረምኩ። ምን ነክቶኝ እንደነበር እንጃ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ውሃው ለምን እንደሚያልቅ የሚያውቅ ካለ ይናገር አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። የሁሉም ሆድ ውስጥ ያለው ያው ነው፣ የሚደፍር ግን ጠፋ። እኔ ደፈርኩ።

«ገመዱን እያያችሁ ትጠይቃላችሁ እንዴ?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ነጫጮቹን አንሶላዎች አየ። ተከራይቷ እዚያው ቆማ ነበር። እናቷን ሽንት ላይ አስተኝታ ማሳደር እንደማትችል፣ የመጨረሻውን እጣቢ እንኳ ሳትጥል ለሽንት ቤት መልቀቂያ እንደምታደርገው በቀስታ አስረዳች። ሰሚ አላገኘችም። ከታንከሩ ወደ እሷ ቤት የሚሄደው መስመር እንዲዘጋ፣ በፈረቃው ቀን በጀሪካን እየቀዳች እንድታስቀምጥ ተወሰነ። ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ ሲርርር የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ አዲስ አልነበረም። ወራት ሙሉ ሰምቼው ነገሬም ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ግን ስለ ውሃ ስንጨቃጨቅ ስለዋልን ጆሮዬ ቆመ። ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን የውሃ ሳጥን ከፍቼ አየሁ። ፍላሽ ካደረግን በኋላ ተመልሶ ቀዳዳውን መድፈን ያለበት ክብ ጎማ ጠርዙ ተበልቶ ተጣሟል። ውሃው በዚያች ክፍተት ወደ መቀመጫው ይወርዳል፤ ሳጥኑም ስለማይሞላ ከላይ የሚገባው ውሃ አይቆምም። ቀን የለ፣ ሌሊት የለ። የመቀመጫውን ውስጥ በሶፍት አደረቅሁና ጠበቅሁ፤ አምስት ሳልቆጥር ራሰ። ግድግዳው ጋ ያለችውን መዝጊያ ሳጠብቃት ድምፁ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ አሮጌውን ጎማ በፌስታል ጠቅልዬ ሳሪስ አንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ገባሁና መሳዩን ገዛሁ። ቧንቧ ሠራተኛ አልጠራሁም፤ ሰው እንዳያይብኝ ነው። በባሌ ፒንሳ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ገጠምኩ። አሁንም አፈሰሰ። ለካስ ቀዳዳው ዙሪያ እንደ ኖራ የነጣ ቆሻሻ ተጋግሮበት ኖሯል። እሱን በቢላዋ ፍቄ ፍቄ እንደገና ስገጥመው እጥብቅ አለ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከእንግዲህ ውሃው ለሁላችን ይበቃል፣ ሲበቃ ደግሞ የእሷም መስመር ይከፈታል፣ እኔም ሳልዋረድ ነገሩ ያልቃል ብዬ ራሴን አባበልኩ።

ውሃው በእርግጥ በቃ። እስከሚቀጥለው ፈረቃ ደርሶ ተረፈም። ረቡዕ ዕለት ጋሼ ደረጃ ላይ አገኙኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«ልክ ነበርሽ ልጄ፤ መስመሩ ከተዘጋ ወዲህ ይኸው አላለቀም» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ለእሷ መፍትሔ ይሆናል ብዬ በእጄ የጠገንኩት ሽንት ቤት ምስክር ሆኖ ፈረደባት። ያኔ አንዲት ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። እኔ ግን ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ወረድኩ። ሚኒባሱ እንኳ ገና አልመጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ገመዱ እየሳሳ ሄደ። አንሶላ በሁለት ቀን አንዴ፣ ቆይቶም በሦስት ቀን አንዴ ይሰጣ ጀመር። በእሷ በር ሲያልፍ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አየሁ፤ እኔ ራሴ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። አንድ ቀን ሁለት ጀሪካን ስትጎትት ደረስኩና አንዱን ተቀበልኳት። በሯ ላይ ስናስቀምጠው ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ያህል ውሃ እንደምትጨርስ ለራሷም እንዳልታወቃት፣ ሁላችንንም እንዳስቸገረችን ነገረችኝና ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን፣ ይቅርታ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምንም አይደል አልኳት። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ማልቀሴም ራሱ አናደደኝ። የእኔ እንባ ለማን ምን ይሠራል?

በወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሯን አንኳኳሁ። ግቢ ስትለኝ አልገባም አልኩና እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎማውን፣ ድምፁን፣ ጋሼ ያሉኝን። ነገ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፣ መስመሩም ይከፈታል አልኳት። ይኼን አድርጌዋለሁ፤ ተከፍቷልም። እሷን ግን ያን ሰዓት ያሳሰባት መስመሩ አልነበረም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ግቢና ለእሷ ንገሪያት» አለች።

እናትየው ግድግዳ ጥግ ባለው አልጋ ላይ ተኝተዋል። ከሥራቸው ላስቲክ ተነጥፏል፤ አንሶላው ርጥብ እንደነበር ከሩቅ ያስታውቃል። አጠገባቸው በርከክ ብዬ ጤናቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ ድምፄን አስተካክዬ፣

«እማማ፣ የታንከሩን ውሃ የጨረሰው የእኔ ሽንት ቤት ነው። እርስዎም ልጅዎም አይደላችሁም» አልኳቸው።

አፋቸው በአንድ ጎን ስለሚከብዳቸው ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

«የሰዉን ውሃ የጨረስኩት እኔ አይደለሁማ?» አሉ።

አይደሉም እማማ፣ አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «እንግዲያው ውሃ ስጪኝ። እስኪበቃኝ ልጠጣ።»

ልጅቷ ብርጭቆ አንስታ ወደ ጀሪካኑ ሄደች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ወሩን ሙሉ ውሃ ስታቀርብላቸው አልጠማኝም እያሉ ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ሲመልሱላት፣ ሕመሙ የባሰባቸው መስሏት ነበር። ለካስ አንሶላ እንዳያበላሹ ብለው ነው። ቀድታ ስትመለስ ብርጭቆውን ተቀብዬ እኔ ያዝኩላቸው። ሦስት ብርጭቆ ጠጡ።