ጉልበቴን ለቆ ልቤን የያዘው ሕመም

መጀመሪያ ያመመኝ ጉሮሮዬን ነው። ምራቄን ስውጥ ይቆርጠኝ ነበር፤ ትኩሳትም ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ተወኝና ረሳሁት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከጨዋታ በማግስቱ ጠዋት፣ ቀኝ ጉልበቴ አብጦ ተነሣሁ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለአንድ የሴቶች ክለብ በአጥቂነት ፈርሜ፣ ሰቆጣ አጠገብ ካለው ወረዳችን ከጋዝጊብላ ወጥቼ ከተማ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ከእግሬ በቀር የምተማመንበት ነገር አልነበረኝም። የምጫወተው በፍጥነቴ ነው። ተከላካዮቹ ፊታቸውን እስኪያዞሩ እኔ አልፌያቸዋለሁ። ኳስ ስጡኝ ብዬ ግን አልጮህም፤ አፍራለሁ። አሰልጣኛችን ጠንካራ ሴት ናቸው፤ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ካምፕ ትተሽው ነው የመጣሽው?» ይሉኝ ነበር። ቡድኑ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

በዚያ ጨዋታ አንዲት ተከላካይ ጉልበቴን መትታኝ ስለነበር እብጠቱ ከእሷ ነው ተባለ። እኔም አመንኩ። በረዶ ያዙልኝ። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ ቀለል ሲለኝ የግራ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ግራ እግሬን ማንም አልነካኝም። ይህን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ውሌ የሚታደሰው በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አመመኝ የምትል ልጅ የውሸቷን ነው ትባላለች ብዬ ፈራሁ። ስለ ጉልበቴ ብቻ ተናግሬ፣ ፈቃድ ወስጄ ወደ ቤት መጣሁ።

እኛ አገር እግር ሲያብጥ የሚኬደው ወጌሻ ዘንድ ነው። የሰፈራችን ወጌሻ አባ ኪዳኔ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ከገደል ወድቆ የተሰበረ ሰው አቁመው አስኪደዋል። እናቴ ይዛኝ ሄደች።

«ኳስ ተጫዋች ሆነች ሲሉ ሰምቼ ነበር» አሉ ጉልበቴን እያዩ። «ኳሱን ትታ እግሯን ነፍታ መጣች።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«የት የት ነው የሚያምሽ፣ ልጄ?»

«ጉልበቴን» አልኩ። ቁርጭምጭሚቴን በካልሲ ሸፍኜው ነበር።

ለጋ ቅቤ ቀብተው አሹኝ። ሕመሙ ልክ አልነበረውም። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሳምንቱ የጉልበቴም የቁርጭምጭሚቴም እብጠት ጠፋ። እናቴ ደስ ብሏት ለአባ ኪዳኔ ዶሮ ወሰደችላቸው። ሐኪሞች በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ይህ በሽታ ታሸም አልታሸም መገጣጠሚያን በራሱ ጊዜ ይለቃል። እኛ ግን እጃቸው ያዳነኝ መሰለን፤ እኔም ድኛለሁ ብዬ ወደ ክለቡ ተመለስኩ።

በልምምድ ሩጫ ሁልጊዜ ፊት ነበርኩ። አሁን መጨረሻ ሆንኩ። «ምነው፣ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ አንዷ ጓደኛዬ። ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ቀጥሎ ጨዋታ ነበረን። ኳሱ ከተከላካዮቹ ጀርባ ወደቀ። ሮጥኩ። ደረቴ ተዘጋ። ቆምኩ። ኳሱ ወጣ። ቀየሩኝ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ጉልበቴ ነው አልኩ። ዋሸሁ።

አሰልጣኟ አልተቆጡኝም። «ሂጂና እረፊ። ቦታሽን እስከሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት አቆይልሻለሁ» አሉኝ። ይህን ቃል ይዤ ነው ወደ አገሬ የተመለስኩት።

ከመኪና መውረጃው እስከ ቤታችን ያለችውን ዳገት አራት ጊዜ ተቀምጬ ወጣኋት። ከዚያ በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ። ስጋደም እታፈናለሁ። እግሮቼ አበጡ። አሁን ሁለቱም፣ እኩል።

እናቴ አባ ኪዳኔን ጠራች። መጥተው ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጫን አደረጉ። ጎድጉዶ ቀረ። ቅቤውን አልከፈቱም።

«ያኔ ጉልበትሽን ብቻ ነበር ያመመሽ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቦታ የሚቀያይር ሕመም የኔ ሥራ አይደለም» አሉ። «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ እጄን አላሳርፍብሽም ነበር።» ወደ እናቴ ዞረው «ሰቆጣ ውሰጃት፤ ዛሬውኑ» አሏት።

ሰቆጣ ሆስፒታል ሐኪሙ ጉልበቴን ሊያይ ነው ብዬ ሱሪዬን ስሰበስብ እሱ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አደረገ። ብዙ ጊዜ አዳመጠ።

«ከዚህ በፊት ጉሮሮሽን አሞሽ ነበር?»

አዎ አልኩ። ማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ሪውማቲክ ፊቨር ይባላል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ይመጣል። መገጣጠሚያን ነክቶ ያልፋል፤ ልብ ላይ ግን ጠባሳ ይተዋል።»

ወደ ደሴ ተልኬ ኢኮ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሣሁ። እዚያ ያለችው ሐኪም ስክሪኑን እያሳየችኝ «ማይትራል የሚባለው የልብሽ በር አይገጥምም። ደም ወደ ኋላ ይመለሳል» አለችኝ። እናቴ ከቋንቋችን ከኽምጣኛ በቀር ደህና አድርጋ አትሰማም። ስለዚህ የራሴን በሽታ መልሼ የነገርኳት እኔው ነኝ። ልቧን ነው የተመታችው ብላ እንዳታለቅስ ቀስ ብዬ ነገርኳት። አለቀሰች።

ሰቆጣ ተመልሼ ተኛሁ። ውኃውን ከሰውነቴ የሚያስወጣ ፉሮሴማይድ፣ ለብግነቱ አስፕሪን፣ ጀርሙን ለማጥፋት ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ተሰጠኝ። ከሳምንት በኋላ እብጠቱ ሲጎድል፣ ትራስ ሳልደራርብ ስተኛ፣ ከዚያም ከአልጋዬ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግቢው ዛፍ ድረስ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ስሄድ፣ ሰው ሳያስተውለው የሚሠራውን ነገር ሁሉ እንደ አዲስ እየተማርኩ ነበር። ቤት ከገባሁም በኋላ ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ለወራት ከባድ ሥራ ሳልነካ፣ እናቴ እንስራዋን እሷው እየተሸከመች፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ፣ የክለቡ ዝግጅት የሚጀመርበትን ቀን በልቤ እየቆጠርኩ ቆየሁ።

በስድስተኛው ወር ደሴ ሄጄ እንደገና ታየሁ። በዚህ ጊዜ አፍሬ ዝም አላልኩም። «መቼ ነው የምጫወተው?» አልኳት ሐኪሟን።

«ልብሽ ተሻሽሏል። አሁን ቀዶ ሕክምና አያስፈልግሽም። ትሄጃለሽ፣ ትሠሪያለሽ፣ ዳገትም ትወጫለሽ። ለውድድር መሮጥ ግን አልፈቅድልሽም።»

ለአሰልጣኟ ደወልኩ። «ቦታዬን ለሌላ ልጅ ይስጡት» አልኳቸው። ከዚያ «ለምን አልነገርሽኝም ነበር?» አሉኝ። በስልኩ ምንም አልመለስኩላቸውም። ይህን የምጽፍበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

በሽታው የያዛችሁ ወይም ልጃችሁን የያዘባችሁ ሰዎች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ብቻ ነው የማውቀው። ጉሮሮ ከትኩሳት ጋር ሲያም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካበጠ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ሕመም ካያችሁ አታሳሹ፤ ለሐኪሙም ያመማችሁን ሁሉ ተናገሩ፣ የሚያሳፍራችሁንም ጭምር። ይህን መጻፍ እኔንም ያሳፍረኛል፤ ግን ለማግባት የምታስቡ እህቶች ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ እርግዝና ለታመመ ልብ ከባድ ነው።

በሽታው እንዳይመለስ የምወጋው ያ የፔኒሲሊን መርፌ በየአራት ሳምንቱ ነው፤ በየወሩ አይደለም። የኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ በወር የሚቆጥር ሰው በየጊዜው ሁለት ቀን ያሳልፋል፤ ጳጉሜን ሲመጣ ጭራሽ ይጠፋበታል። እኔ በሰቆጣ የማክሰኞ ገበያ ነው የምቆጥረው። አራተኛው ማክሰኞ ሲደርስ ገበያተኛውን ተከትዬ እሄዳለሁ። መርፌው ያማል፤ ዳሌ ለአንድ ቀን ይከብዳል። ለዓመታት እንደምወጋ ተነግሮኛል።

እናቴን፣ ሁለቱን ሐኪሞች፣ መርፌውን ሲወጉኝ ሌላ ወሬ የሚያወሩኝን ነርስ አመሰግናለሁ። አባ ኪዳኔንም አመሰግናለሁ። አሁን እግሩ ያበጠ ልጅ ሲመጣላቸው ቅቤውን ከማንሣታቸው በፊት «ሌላስ የት አሞሃል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እናቶች ነግረውኛል።

ለክለቤ ያገባሁት ሰባት ጎል ነው። እስከ ዛሬ የተወጋሁት ሠላሳ አንድ መርፌ ነው። አንዱም አላመለጠኝም።