የአላምረው አርባና ሰማንያ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን «ድፎ» እንለው ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ድፎ ዳቦ ክብና ደልዳላ ነበርና። «ወደ ድፎ ተንቀሳቀሱ» የሚለው ትእዛዝ ሻምበሎቹ ዘንድ የደረሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያደረስኩት እኔ ነኝ። የሻለቃው ሞተረኛ ነበርኩ። ሥራዬ ከማዘዣ ጣቢያ ወደ ግንባር ወረቀት ማመላለስ፣ ሬዲዮ ሲዘጋ ደግሞ ቃል ማድረስ ነበር።

እናንተ የወረታ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ የምትጠብቁት ተኩሱን ነው። እሺ፣ እነግራችኋለሁ፤ እሱ አጭር ነው። የሚረዝመው ያፈርኩበት ነው። ግማሹን በዓይናችሁ ስላያችሁት ብደብቀውም አይደበቅልኝም።

ጎህ ሲቀድ ማጥቃት ጀመርን። የመጀመሪያውን ምሽግ ያዝን። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ ሞርታር ወረደብን። ተኛን። ተነሣን። ደግመን ተኛን። ረፋዱ ላይ የድፎን አናት ያዝን፤ ከሰዓት በኋላ ለቀቅን፤ ሊመሽ ሲል መልሰን ያዝነው። ውሃ ካለቀብን ቆይቶ ነበር።

አላምረው የሦስተኛው ሻምበል መትረየስ ተኳሽ ነበር። እሱ የቁሐር ሚካኤል ልጅ፣ እኔ የወረታ፤ ያገር ልጅ ስለሆንን ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። እኔን «የአስፋልት ልጅ» ይለኛል። ያ አገር ድንጋይና አቧራ ብቻ ነበርና እሱ የሚናፍቀው ጭቃ ነበር፤ በክረምት ጉልበት ድረስ የሚውጠውን የቁሐርን ጭቃ። «አንድ ቀን ያን በሞተር ካለፍኸው ያኔ ሞተረኛ እልሃለሁ» ይለኝ ነበር።

ድፎን በለቀቅንበት ሰዓት ሆዱን ተመታ። ቃሬዛ አልነበረም። በራሱ ጋቢ ከጀርባዬ ጋር አሰሩት፤ ሁለት ጓዶች ቋጠሮውን ደረቴ ላይ አጠበቁት። ወደ ሕክምና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ከባድ መሣሪያ ይደበድበዋል። አገጩን ትከሻዬ ላይ አስደገፈ። በመጀመሪያ «ቀስ በል» አለኝ። ትንሽ እንደሄድን «አቁምልኝ» አለ። አላቆምኩም። እዚያ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ይመታል። «ጌታሰው፣ አቁምልኝ» አለ ደግሞ። ጋዝ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ጣቢያው ስንደርስ ሐኪሙ ቋጠሮውን ፈታ፣ አየውና ወደ ሌላ ቁስለኛ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኔም ግራ እጄን ተመታሁ። የሞተሩን ፍሪሲዮን የሚጨብጡት ሁለት ጣቶቼ እንደታጠፉ ቀሩ። ሆስፒታል ከረምኩ፤ በቦርድ ተሰናበትኩ፤ ወረታ ገባሁ። ሞተር የሚባል ነገር አልነካሁም። ዓመት አለፈ። ንዳ ያለኝን ሰው ሁሉ ጣቴን አሳየዋለሁ። ጣቴ ጥሩ ምክንያት ነበር። በቁሐር መንገድም ዝር አላልኩም። የአላምረው መርዶ ገና ለእናቱ ለእማ የሺ አልተነገረም ነበርና፣ በገበያ ቀን ከሩቅ ካየኋቸው በሌላ በር እወጣለሁ።

መርዶው የመጣው በዚህ ክረምት መግቢያ ነው። ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው አረዷቸው። ለቅሶው ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ፣ ሰው መሃል ተደብቄ። አርባው ከመርዶው ቀን ተቆጥሮ ሐምሌ ላይ ዋለ።

ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። በአርባው ዋዜማ ከቁሐር ቄሶች አንዱ በወባ ተኙ፤ ያሉት አንድ ብቻ ሆኑ። የወረታው ቄስ ሞላ ተለምነው እሺ አሉ። ግን ሽማግሌ ናቸው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ባጃጅ አይገባም፤ በእግራቸው ቢነሡ አይደርሱም። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሻለቃው ሞተረኛ እያለ ምን ያሳስበናል አሉ። ጣቴን ማሳየት ነበረብኝ። በአላምረው አርባ ጣት ማሳየት አፈርኩና «እኔ አደርሳቸዋለሁ» አልኩ።

ሞተሩን የሰጠኝ ጎረቤቴ ሰዒድ ነው፤ መለዋወጫ ነጋዴው። መፍቻ ይዞ ወጣና የፊተኛውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ጭቃ መከላከያ፣ ልፍታልህ አለኝ። በክረምት እዚህ ሜዳ የሚነዳ ሁሉ ይፈታዋል፤ ዋልካው ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞር ያቆማል። እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን «ጦር ሜዳ የነዳሁትን እኔን ፓራፋንጎ ታስተምረኛለህ?» አልኩት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰዒድ መፍቻውን ኪሱ ከተተ።

ቄስ ሞላ ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው ከኋላዬ ወጡ። አስፋልቱን ደህና ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርደን በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ባለው የአፈር ግድብ ስንገባ ሞተሩ ይከብደኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ ታየ። ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ያየናል። የፊት ጎማው ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ቄስ ሞላ ፈርተው ወገቤን ጨምቀው ያዙ፤ አገጫቸው ትከሻዬን ነካው።

እጄ የኔ መሆኑ ቀረ። የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ፤ ጭቃ ላይ ሕፃን እንኳን የማይሠራውን። ማሳው ውስጥ ወደቅን፤ እኔ፣ ሞተሩና ቄሱ። ጥምጥማቸው ውሃው ላይ ተዘረጋ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ። አነሷቸው። የእግር መርገጫው ቅልጥማቸውን ቆርጦት ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ደም ነው። ደም የፈሰሰው ቄስ በዚያ ቀን መቅደስ አይገባም።

«ከጦር ሜዳ ተርፈህ እኔን በጭቃ ልትጨርሰኝ ነው?» አሉኝ እየሣቁ። እንዳልሰበር ብለው ነው። ከዚያ እግራቸውን አዩና ሣቁ ጠፋ። «እኔስ ደህና ነኝ፤ ቅዳሴው ቀረ እንጂ።»

ቅዳሴው ታጎለ። የአላምረው አርባ ያለ ቅዳሴ ዋለ። የተዘጋጀው ቀረበ፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ በላ። እኔ አጥሩ ጥግ ጭቃዬን ተሸክሜ ቆሜያለሁ፤ ልሂድ ብል መሄድ አቃተኝ፣ ልቀመጥ ብል ማን አጠገብ እቀመጣለሁ? እማ የሺ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። የቄሱን እግር ካጠቡ በኋላ ወደ እኔ ዞረው እጅህን ዘርጋ አሉኝ። እያፈሰሱልኝ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ልጄንም እንዲህ ነው የጣልኸው?»

ከጀርባዬ ጋር ታስሮ እንደነበር ከጓዶቻችን አንዱ ነግሯቸው ኖሯል። አልጣልኩትም ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው፤ ያን ሁሉ ድንጋይ አንድ ጊዜ እንኳን ሳልወድቅ ነው ያለፍኩት። ግን ጭቃ ለብሼ ቆሜ ማን ያምነኛል? ደግሞስ «አቁምልኝ» ማለቱንና አለማቆሜን ሳልናገር እንዴት ግማሹን ብቻ እናገራለሁ? እጄን ማሸት ቀጠልኩ። ውሃው አለቀና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በወረታ መንገድ መሄድ ሞት ሆነብኝ። የባጃጅ ሰልፍ ጋ ሳልፍ «ጋሼ፣ ፓራፋንጎ ይፈታልዎ?» የምትሉኝ እናንተው ነበራችሁ። አልቀየምኳችሁም። ያስለቀሰኝ የእማ የሺ ጥያቄ እንጂ የእናንተ አይደለም። በቃ፣ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሚስቴ ለሰው ሁሉ አሞታል ትላለች፤ እኔም አሞኛል እላለሁ።

ሰዒድ ነው ያስነሣኝ። ሰማንያው እየመጣ ነው አለኝ፤ የታመሙት ቄስ እንዳላገገሙ፣ ቄስ ሞላ ዳግመኛ እንደተለመኑም ነገረኝ። ሌላ ሞተረኛ ይፈለግ አልኩት። ሌላማ ሞልቷል፣ ግን አንተ በምን ፊትህ ልትኖር ነው አለኝ። መፍቻውን ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። ፓራፋንጎውን በገዛ እጄ ፈታሁ።

ብቻዬን ስነዳ እጄ ቶሎ ተመለሰልኝ። ፍሪሲዮኑን በቀሩት ጣቶቼ መሳብ ለመድኩ፤ ጭቃ ላይ የኋላውን ፍሬን ብቻ በእግር ነካ ማድረግን፣ ጎማውን ትቶ ሩቅ ማየትን፣ ሞተሩ ሲንሸራተት አለመታገልን። ከኋላዬ ግማሽ ኩንታል ሩዝ አሰርን፤ እሱንም ይዤ ሄድኩ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ሰዒድ ራሱ ወጣ፤ ሰዒድን ታውቁታላችሁ፣ ቀላል ሰው አይደለም። ከግድቡ ሳንገባ አስፋልቱ ዳር ሁለታችንንም ጣልኩ።

ሰዒድ ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። «ጣትህ አይደለም» አለኝ። «ሰው ሲነካህ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ድርቅ ነው የምትለው።»

ያኔ ነገርኩት። ጋቢውን፣ አገጩን፣ «አቁምልኝ» ማለቱን። ሰዒድ ከዚህ ቀን ጀምሮ ስትነዳ ዝም እንዳትል ብቻ አለኝ። የሚያወራ ሰው ትንፋሹን አይዝም ብሎ። ከዚያ ወዲህ እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት እየለፈለፍኩ ሜዳውን አዳረስነው። ወሬ ሲያልቅብኝ የሱቁን ዕቃ እጠራለሁ፤ ካንዴላ፣ ሰንሰለት፣ ካላማዳሪያ። ያየን ሁሉ አብደዋል ብሏል። ወድቀናል። ብዙ ጊዜ ወድቀናል። እየቆየ መውደቁ ቀነሰ፤ በመጨረሻ ሰዒድ ከኋላዬ ሆኖ ስልክ ሲያወራ ሰማሁትና ልቤ አረፈ።

የሰማንያው ዕለት ቄስ ሞላ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ዓይናቸውን ማየት አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ። ቢፈልጉ ሌላ ሰው እንዳለ ነገርኳቸው። ሞተሩን ዞረው አዩት፤ ፓራፋንጎ እንደሌለውም አዩ። «ንስሐዬን ጨርሻለሁ፤ ንዳ» ብለው ወጡ። እሳቸው ከኋላዬ ዳዊታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ፣ እኔ ስለ ሩዙ አወራለሁ። ያ የወደቅንበት ቦታ ሲደርስ ወገቤን ያዙ። ወሬዬን አላቋረጥኩም፤ የፊቱን ፍሬንም አልነካሁም። ሳንወድቅ ደጀ ሰላሙ ጋ ደረስን።

ቅዳሴው ደረሰ። ከፍትሐቱ በፊት ቄስ ሞላ ድፎ ላይ የቀሩትን ጓዶችህን ስም ስጠኝ አሉኝ። ከሦስተኛው ሻምበል ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ቀርቷል። ሁሉንም በስማቸው ቆጠርኳቸው። የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁኝ ግን ከአላምረው በቀር የአንዱንም አላውቅም። ውሃ በአንድ ክዳን ተካፍለን የጠጣን ሰዎች! ያን ቀን ካፈርኩት ሁሉ ይህ ይብሳል። «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» አሉኝ ቄሱ። ከመካከላቸው ሁለቱ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የእነሱን ስም ለሰዒድ ሰጠሁት፤ በመስጊድ ዱዓ አስደረገላቸው። ጦርነት ምን ይመስላል ስትሉኝ እኔ የምላችሁ ይህንን ነው፤ አብሮህ የበላውን ሰው ስሙን አውቀህ ሳትጨርስ ትቀብረዋለህ።

ሰው ሲበተን እማ የሺ መጥተው ሞተሩ አጠገብ ቆሙ። ቤታቸው ከሜዳው ማዶ ነው። ላድርስዎት አልኳቸው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ።

«እሱን እንዳሰርኸው እሰረኝ።»

አሰርኳቸው። ቋጠሮውን ደረቴ ላይ ሳጠብቅ እጄ ቆየ። ከግራ ከቀኝ ውሃ በተኛበት ግድብ ላይ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ማውራት ነበረብኝ፤ ሩዙን ጀመርኩና ተውኩት። «እማ፣ አልጣልኩትም» አልኳቸው። «አቁምልኝ ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። አላቆምኩለትም።»

ሄድን። ቤታቸው ገና ሩቅ ነው፤ በአካባቢው ከውሃው በቀር ምንም የለም። አገጫቸው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

«አቁምልኝ» አሉ።

አቆምኩ። ሞተሩንም አጠፋሁ። አልወረዱም፤ ቋጠሮውንም ፍታልኝ አላሉኝም። ሁለት እግሬን ጭቃው ላይ ተክዬ፣ «ንዳ» እስኪሉኝ ድረስ ቆምኩላቸው።