የጋኑ ትንፋሽ

በ1999 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ሮቤ ከተማ ልጄ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ምራቴ ትርሲት ለፋሲካ ጠላ የጠመቀችበትን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል በከፈተች ቁጥር የጌሾው ሽታ እስከተቀመጥኩበት እየመጣ የእናቴን ቤት ያስታውሰኝ ነበር። ሽታው ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ሽታው ድምፅ ይዞ መጣ፣ ስልሳ ዓመት ሊሆነው ምንም ያልቀረው፣ ጎባ ላይ ጋን አቅፌ የሰማሁት ድምፅ። ትርሲት ጎረቤት ብቅ ባለ ቁጥር ክዳኑን አንስታ «ቅመሱልኝ» ትላለች፤ ተይ፣ ነፋስ አታስገቢበት ብላት፣ «አባባ፣ ካልተቀመሰ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከሌላ ሴት አፍ ሰምቼዋለሁ።

እናቴ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ወስዶባት፣ የሰውን ቃል ከከንፈሩ እየለቀመች ትኖር ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲያ የቤቱ ጆሮ እኔ ሆንኩ። ክረምት ገብቶ፣ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ጎባን ሲያለብሳት፣ እሷ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾውን ጠንስሳ፣ ብቅሉንና አሻሮውን ጨምራ ውኃ ትሞላበትና አፉን በጨርቅ ሸፍና በጭቃና በእበት ትመርገው ነበር። ከዚያ እኔን ወደ ጋኑ ገፋ አድርጋ «ምን ይላል?» ትለኛለች። እኔም ሆዱን አቅፌ፣ ጆሮዬን ለጥፌ፣ የሰማሁትን በእጄ አሳያት ነበር፤ ጣቶቼን ሁሉ ካርገፈገፍኩ ሣር ክዳን ላይ እንደሚወርድ ዝናብ እየፈላ ነው፣ አንድ ጣት ካነቃነቅኩ እያንሾካሾከ ነው፣ መዳፌን ጉንጬ ሥር አድርጌ ዓይኔን ከጨፈንኩ ተኝቷል ማለት ነው። ከተኛ ማንም አይነካውም። «የጋን አፍ አንዴ ነው የሚከፈተው፤ ነፋስ የገባበት ኮምጣጤ ነው» ትል ነበር። የሰፈሩ ሴቶች እንግዳ ሲመጣ ከፍቶ፣ በቅል ጨልፎ ማቅመስ ወግ ነውና ስስታም ይሏት ነበር፤ እሷ እቴ፣ ከንፈራቸውን ላለማየት ፊቷን አዙራ ሥራዋን ትሠራለች።

የበጋው አዝመራ ሲገባ እህቴ አስካለ አጋርፋ ለሚኖር ልጅ ታጨች፣ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ሆነ። እናቴ ለዘር ካስቀረችው በስተቀር ያለንን ገብስ ሁሉ ብቅልና አሻሮ አድርጋ፣ ከጎረቤት የተዋሰችውን ትልቅ ጋን ሞልታ መረገችው። ሁሉ ተሰናድቶ ሳለ ከአጋርፋ መልእክተኛ መጣና፣ የሙሽራው አያት ስለሞቱ ሠርጉ ለቅበላ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እንዲሆን ለመነ። ሐዘን ነው፣ ምን ይባላል? ጠላው ግን ሐዘን አያውቅም። ቢኮመጥጥ ሌላ ለመጥመቅ እህል የለም፣ የሙሽራው ወገንም እናቲቱ ያኮመጠጠችውን ልጅቱ ታኮመጥጠዋለች ብሎ የእህቴን ስም ይዞ ይሄዳል።

ለእርዳታ የመጣችው አክስቴ፣ የአባቴ እህት እትዬ ብዙነሽ፣ በየቀኑ ቅል ይዛ ጋኑን ትዞረው ነበር። እናቴ መንገዱን ዘግታ ትቆማለች።

«ካልተቀመሰ በምን ይታወቃል? ይሙት ይዳን ማን አየው?» አለች አክስቴ።

«ልጄ ተኝቷል ብሎኛል» አለች እናቴ።

«ጉድ ነው፤ ደንቆሮና ሕፃን ጠላ ይጠብቁልኝ።»

እናቴ ይህንንም ከከንፈሯ ለቅማ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ጋኑን ባቀፍኩ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር፣ የልቤን ምት ከጋኑ ድምፅ ለመለየት እስኪያስቸግረኝ ድረስ።

የካቲት ላይ ከሳነቴ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ በረታ፤ ሌሊት አመዳይ፣ ቀን ፀሐይ፣ የሰውን ከንፈር የሚሰነጥቅ ነፋስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆሮዬን ብለጥፍ ተኝቶ የከረመው ጋን ስስ ፉጨት ያሰማል። ለፉጨት ምልክት አልነበረንም። ግራ ቢገባኝ እናቴን ጎትቼ ጉንጯ ላይ እፍ አልኩባት። ወዲያው ገባት፤ ጣቷን ውኃ ነክራ በምርጊቱ ዙሪያ ስታስኬደው ቆይታ ቀዝቀዝ ያላት ቦታ ላይ፣ በበሩ በኩል አቆመችው፤ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር።

«ገና ወደ ውጭ ነው የሚተነፍሰው» አለች። «ፀሐይ ጠልቃ ሲበርደው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያን ጊዜ አለቀልን።»

አክስቴ አንዴ ከተሰነጠቀ እንክፈተውና እንየው ብላ ቅሏን አነሳች። እናቴ እሷን ትታ፣ ጭቃ ቢጨመርበት ነፋሱ መልሶ ስለሚሰነጥቀው፣ ከኦቦ ከድር ሰም ለምነህ አምጣ ብላ እኔን ላከችኝ። ኦቦ ከድር ከደሎ መና ማርና ቡና በበቅሎ እየጫኑ የሚነግዱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፣ መጠጥ በቤታቸው ደጃፍም አያልፍም። ለጠላ ብዬ እንዴት ልለምናቸው እያልኩ፣ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ለአስር ሶላት እጅ እግራቸውን እየታጠቡ ውዱእ ሲያደርጉ አገኘኋቸው።

«አካም ኦልቴ፣ ጉርባ» ብለው በኦሮምኛቸው ሰላም አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ፂማቸውን ጠረጉ።

«ለጠላ የምሰጠው የለኝም» አሉኝ። ልመለስ ዞር አልኩ። «ጭቃው ግን ምን አጠፋ? ለጭቃው እሰጣለሁ።»

ሰግደው ሲያበቁ ጭብጥ የሚያህል ሰም ይዘው እኛ ደጃፍ መጡ፤ ሳይገቡ ከበሩ ላይ ሆነው፣ አቅልጣችሁ አታፍስሱት፣ በመዳፍ አለስልሳችሁ በአውራ ጣት ጫኑት፣ ማርም የሚበላሸው በክዳኑ ነው ብለው አሳዩን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «የአስካለ እናት፣ ሠርጉ ላይ ለኛስ ምን አላችሁ?» አሉ።

«ብርዝ» አለች፣ «በእርስዎው ማር።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደፍነነው፣ ፉጨቱ ቆመ። እስከ ቅበላ ድረስ በየቀኑ መዳፌን ጉንጬ ሥር እያደረግኩ አሳየኋት።

የሠርጉ ዕለት እናቴ የአጋርፋ ሰዎች ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ምርጊቱን አላስነካችም። ከተቀመጡ በኋላ ሰሙን በቢላዋ አንስታ ጭቃውን ስትሰብረው ጋኑ ረጅም እፎይታ አወጣ። አክስቴ መጀመሪያ ቀድታ ለሙሽራው አባት ሰጠች። ሰውየው እስከ አተላው ጠጡና አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ጢማቸው ከንፈራቸውን ሸፍኖት ስለነበር እናቴ አላነበበችውም። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ይላል?» አለችኝ፣ ልክ ስለ ጋኑ እንደምትጠይቀኝ።

«ድገሙኝ ይላሉ» አልኳት።

ውጭ ዳሱ ውስጥ ኦቦ ከድር ብርዛቸውን ይዘው «ጭቃዬ እንዴት ዋለ?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቁ ነበር።

ዛሬ እናቴም፣ አስካለም፣ ኦቦ ከድርም አፈር ሆነዋል። ትርሲት ጎበዝ ልጅ ናት፣ አልወቅሳትም፤ በርሜሉም አይሰበርም፣ ለመሸከምም ይቀላል። ጆሮዬን ለጥፌበት ግን ምንም አልሰማሁም። ፕላስቲክ አይናገርም ልል አሰብኩና ተውኩት፣ ምክንያቱም የልጅ ልጆቼንም ቢሆን ከዓመት ወዲህ የምሰማቸው ከንፈራቸውን እያየሁ ነው። እናቴን ጆሮ የሌላት ሴት አድርጌ ነበር የማስባት፤ ጣቷ ግን ነበራት። ይህን ሁሉ ለትርሲት ብነግራት ሰማችኝ፣ ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቤተሰቡ ሳይነሳ በጋሪ ገበያ ወረድኩ፣ ከማር ሻጮቹ ጭብጥ የምታህል ሰም ገዛሁ፣ ተመልሼም በመዳፌ ሳለሰልሳት ቆይቼ ጣቴን ውኃ ነክሬ በበርሜሉ ክዳን ዙሪያ ቀስ ብዬ አስኬድኩት፣ ቀዝቀዝ ያለኝም ቦታ ላይ ሰሙን በአውራ ጣቴ ጫንኩት።