የሌለው ኩላሊቴ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ከእንጅባራ ደወለችልኝ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ኔትዎርኩ ይቆራረጥ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ለቅሶዋን ብቻ ነው። በኋላ እንደምንም ድምፅዋ ጠራ።

«እማዬ፣ አልትራሳውንድ ተነሥቼ ነበር። የልጁ አንደኛው ኩላሊት አይታይም አሉኝ።»

እኔ ዳንግላ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አስቀመጥኩና «እመጣለሁ» አልኳት። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ያ ጥቅምት መጣብኝ።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ዳንግላ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ በገበያ ቀን ከገጠር ስንቅ ይዛልኝ ትመጣለች። የዚያን ቅዳሜ ገብሱ አሽቶ ስለነበር አንድ እቅፍ እሸት ይዛ መጣች። ከገበያው በጋሪ ተሳፍረን ወደ ቤት ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ጥሩምባውን ነፋ። ፈረሱ በረገገ። ጋሪው ቦዩ ውስጥ ሲገለበጥ ጠርዙ ግራ ጎኔን መታኝ። እንዳልተጎዳ ሰው ተነሥቼ ቀሚሴን አራገፍኩ፤ የተበተነውን እሸት እየለቀምኩ ሣቅሁም። ሰው ሲደነግጥ ለምን እንደሚሥቅ እስካሁን አይገባኝም።

ቤት ገብተን ብዙም ሳንቆይ ሽንቴ የሥጋ እጣቢ መስሎ ወረደ። እናቴን ጠርቼ ሳሳያት ነጠላዋን አውልቃ ወገቤን ጥፍር አድርጋ አሰረችኝ፤ ደሙን በነጠላ የምታቆመው ይመስል። ጤና ጣቢያው በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ላከን። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር የሚቀደድ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ጭንቅ ሲይዛት አማርኛው ይጠፋባታል፤ እስከ ባሕር ዳር ድረስ በአዊኛ ስትለማመን ሄደች።

ሆስፒታል ስንደርስ የቀዶ ሐኪሙ መረመረኝና አጽናናን። «ግራ ኩላሊቷ ተጎድቷል። ደሙ ካልቆመ እናወጣዋለን። አይዟችሁ፣ ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል» አለ። ከዚያ በፊት ግን አልትራሳውንድ እንድነሣ አዘዘ።

የሚያነሣኝ ሐኪም ሸምገል ያለ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። ግራዬን ሲያይ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። ወደ ቀኜ ሲዞር ወሬውን አቆመ። መሣሪያውን ወደ ላይ ወሰደው፣ ወደ ታች መለሰው፣ በጎኔ አስተኛኝ፣ በሆዴ ገለበጠኝ። 

«ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገሻል?» አለኝ።

«ኧረ በጭራሽ!»

ጠባሳ ፍለጋ ቀኝ ጎኔን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እናት፣ ልጅዎ ቀኝ ኩላሊት የላትም። ስትወለድም አልነበረም» አላት።

እናቴ እንደ ሰደባት ሰው አየችው። «እኔ ሙሉ ልጅ ነው የወለድኩት! ጣቶቿን ቆጥሬ ነው የታቀፍኳት።»

«አውቃለሁ። ይሄ በዓይን አይታይም» አላት በቀስታ። ከዚያ ግራ ኩላሊቴ ከተለመደው ተለቅ ያለ መሆኑን፣ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሲሠራ መኖሩን አስረዳን። እኔ ግን የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሊያወጡት የነበረው ያለኝን ነው።

የቀዶ ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲህ አንነካውም። ሳትነቃነቂ ትተኛለሽ፤ ደሙ በራሱ እንዲቆም እንጠብቃለን» አለ። እናቴ «ባይቆምስ?» አለችው። ትራሴን አስተካክሎልኝ ሄደ።

ሽንቴን በየጊዜው በጠርሙስ እየተቀበሉ ቀለሙ እንዲታይ መስኮቱ ላይ ይደረድሩታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ስትመታው ክፍሉ ውስጥ ከዚያ የቀላ ነገር የለም። ያንን ላለማየት ስል ውኃ መጠጣት ተውኩ። የሚሰጠኝን ውኃ እናቴን እያጠጣሁ ባዶውን ብርጭቆ ለተረኛዋ ነርስ አሳይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ደረሰችብኝ።

«ያለሽ አንድ ነው፤ እሱንም በጥም ልትገድይው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ራስጌዬ ቆማ ሁለት ብርጭቆ እስክጨርስ አልተነቃነቀችም። እያለቀስኩ ጠጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጠርሙሱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው፤ ብዙ አየችው። ነርሷን ጠራቻት፣ ነርሷ ሐኪሙን ጠራች። ሽንቴ ጠርቶ ነበር። ማናችንም አልተደሰትንም፤ ለመደሰት ሌላ ሦስት ቀን ፈጀብን።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ አውቶቡሱ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ሆና፣ «ይህ ነገር ከእኔና ከአንቺ እንዳይወጣ። ጎደሎ ናት ተብሎ የሚያገባሽ ይጠፋል» አለችኝ። ያገባኝም፣ የወለድኳትም ልጅ አልሰሙም። ባሌ የሚያውቀው ጋሪ እንደ ጣለኝ ብቻ ነው። ልጄን ሳረግዝ ስንት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴም ምስጢሩን ይዛ አረፈች።

እንጅባራ ስደርስ ልጄ ዓይኗ አብጦ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና «እኔም አንድ ነው ያለኝ» አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ጋሪውን፣ ጠርሙሶቹን፣ ሁሉንም ነገርኳት። 

«አሁን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅሽኝ?»

«ፈርቼ ነዋ።»

ስልኳን አንሥታ ባሏ ጋ ደወለች። ገና ሲያነሣ፣ «ስማኝማ፣ እማዬም አንድ ኩላሊት ነው ያላት! አዎ፣ ከነሕይወቷ እዚህ ተቀምጣለች!» አለችው፤ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። እጄ አፏን ሊከድን ተነሣና መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ከትናንት በስቲያ አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። እሷንም አዩአት፤ ሁለቱም ኩላሊቶቿ አሉ። የሕፃኑ ሲወለድ በደንብ ይታያል ተብለናል፤ እስከዚያ መፍራቴ አይቀርም። እናቴን አልወቅሳትም፤ ለእኔ ብላ ነው የደበቀችው። ግን እሷም ብቻዋን ስትፈራ መሞቷን ሳስብ ያሳዝነኛል። ይህ ልጅ ሲያድግ፣ አንድ ከሆነም አንድ መሆኑን ከእኔው አፍ ይሰማዋል።