መርዶ ይዤ ሮምን ስዞር

አባታችን ያረፈ ሰሞን እዚህ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ያሉት የሐበሻ ሽማግሌዎች አስቀመጡኝና «ሮም ላለችው እህትህ በስልክ እንዳትነግራት!» አሉኝ። ባይሉኝም አላደርገውም። የእናታችንን ሞት አንድ ችኩል ዘመድ በስልክ አርድቷት፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተዘርራ ቋንቋዋን የማይሰማ ሰው ነው ያነሳት። ይሄኛው እንደ ወጉ ይሆናል፤ በማለዳ፣ ከቤቷ፣ ሰው ተሰብስቦ። ስለዚህ ስልክ ላይ እየሳቅኩ «ረፍት አገኘሁ፣ መጣሁልሽ!» አልኳትና በረርኩ።

ኤርፖርት አቅፋኝ አልለቅ አለች። ከዚያ ሻንጣዬን ቤት አድርሳ፣ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ «ና ሮምን ላሳይህ» ብላ ይዛኝ ወጣች። ለሥራ አሮጊት ስታስታምም የምትውል ሰው፣ ጉብኝት ከየት መጣ? እኔ ደግሞ ክላርክስተን ጎን፣ ስቶን ማውንቴን የምኖር፣ ወተት ልገዛ እንኳ ድራይቭ የማደርግ ሰው ነኝ። ኮሎሲየም ሳንደርስ እግሬ አለቀ።

የኔ ሥጋት ግን ስልኳ ነው። በጮኸ ቁጥር ከሷ ቀድሜ አንገቴን አሰግጌ አያለሁ። የሆነ ወሬኛ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ቢጽፍላትስ? «ያንቺ ካሜራ ይሻላል፣ ፎቶ ላንሳሽ» ብዬ ተቀበልኳትና ኪሴ ከተትኩት። እሷም «ያንተን አጥፋው፣ ሮሚንግ ሒሳብ ይበላሃል» አለችኝ። አጠፋሁት።

ቀጥላ አንድ አደባባይ ላይ አቆመችኝ።

«የአክሱም ሐውልት እዚህ ነበር የቆመው።»

«ታዲያ የሌለ ነገር ልታሳዪኝ ነው በዚህ ፀሐይ የምታንከራትቺኝ?»

ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው። ነገ ይሄን ሳቅ የምቀማት እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ጠላሁት።

ምሳ ላይ ፓስታ አዘዝን። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል ይቅመስ ይባላል፣ ከሰማ በኋላ አይወርድለትምና። «ብዪ እንጂ!» እላለሁ። «አንተ ብላ! አሜሪካ አያበሉህም እንዴ? ከስተሃል» ትለኛለች። ሺፍት ስለምደራርብ ነው ብዬ ዋሸሁ። ሳህኑን ወደሷ እገፋለሁ፣ ወደኔ ትመልሳለች። ኋላማ በግድ እንጎራረስ ጀመር። አስተናጋጁ ቆሞ ያየናል።

«በቃ ቤት እንግባ» ስላት «ኧረ ፏፏቴውን ሳታይ!» ትላለች። ተቁነጠነጥኩ፣ ተነጫነጭኩ፣ ወይ ፍንክች! ትሬቪ ወስዳ ሳንቲም አስጨበጠችኝ፤ ወርውርና ተመኝ አለችኝ። ነገ እንዳትወድቅብኝ ብቻ ተመኘሁ። እሷም ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

ጠዋት ወገግ ሲል፣ ጎረቤቶቿን ልጠራ ቀስ ብዬ ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ደረጃው በሐበሻ ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሳልጠራቸው ማን ነገራቸው? እህቴን ልይዛት ዞር ስል እሷ ቀድማ ወገቤን ጥርቅም አድርጋ ያዘችኝ።

«በርታ ወንድሜ።»

«አንቺ በርቺ እንጂ!»

ተያየን።

«ሰምተሃል እንዴ?»

«አንቺስ?»

ለካ እሷም ከአገር ቤት ተደውሎላት ሰምታለች። እኔ ስልክ ላይ ስስቅ ስትሰማ መርዶው እንዳልደረሰኝ ገምታ፣ «ወንድሜ ሳይረዳ ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ ጎረቤቶቿን ከልክላ ጠብቃኛለች። እኔን ልታረዳ ነው የጠራቻቸው።

ፊት የቆሙት እናት ግራ ገብቷቸው «ታዲያ ማንኛችሁን ነው የምናረዳው?» አሉ።

«እንዳትወድቅብኝ ብዬ እኮ ነው ያላለቀስኩት» አለችኝ እህቴ፣ ወገቤን ሳትለቅ። እንደተያያዝን በሩ ላይ ቁጭ አልንና «አባዬ!» ብለን ጮህን። አባታችንን ያን ጠዋት ነው ያለቀስነው።