መሪው ሲላላ

አስቸጋሪ ተማሪ ካለ ወደ እኔ ይላክ እል ነበር። ሌሎቹ መምህራን ያባረሩትን፣ ወንበር የሚሰብረውን፣ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሲያዞር የሚያፏጨውን ሁሉ ወደ ወርክሾፔ ይሰዱት ነበር፤ እኔም ሰው አድርጌ እመልሰዋለሁ። ይህ ጉራ ነው የሚል ካለ፣ አዎ ጉራ ነው፤ ግን እውነት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ፣ በቦሌ መንገድ በነበረው የቴክኒክ ኮሌጅ ያለ ዲግሪ ያስተማርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ሞተር የተማርኩት ሞተር ፈትቼ ነው። እንግሊዝኛም ማንም አላስተማረኝም፤ የሞተር መመሪያና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ እየተሳደብኩ ተማርኩት።

ዘዴዬ አንድ ናት። የአስቸጋሪ ተማሪ ችግሩ እጁ ሥራ መፍታቱ ነው። ስለዚህ አልቆጣውም፣ አልመታውም። ድቡልቡል ብረትና ሞረድ እሰጠውና «ይህን አራት ማዕዘን አድርገህ አምጣልኝ» እለዋለሁ። ብረቱን ሲሞርድ ይውላል። ክንዱ ሲዝል ምላሱም ይዝላል።

አንድ ልጅ ግን ነበር፣ እየሞረደም የሚያወራ። የገርጂ ልጅ ነው። ያኔ ገርጂ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር፤ እናቱ ላሞች አሏት፣ ወተቱን ለቦሌ ቪላዎች ታደርስ ነበር። ቀጭን፣ ዓይኑ ሁልጊዜ ለመሳቅ የተዘጋጀ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ እኔ «ዝገት የሞተር ጠላት ነው» ያልኩ እንደሆነ፣ ብድግ ብሎ የግራ እጁን ጨብጦ ያነሣና «ዝገት ይውደም!» ይላል። ክፍሉ በሙሉ «ይውደም!» ብሎ ይመልሳል። ፍትጊያም፣ አቧራም፣ ነዳጅ ውስጥ የገባ ውሃም በዚያ ክፍል ያልወደመ ነገር የለም። ሌላ መምህር ቢሆን ያባርረው ነበር። እኔ ማስተማሪያ አደረግሁት። በፈተና የሞተርን ጠላቶች የረሳ አንድም ተማሪ አልነበረኝም።

ዘመኑ ግን ቀልድ የሚገባው አልነበረም። ከኤሌክትሪክ ክፍል ሁለት ልጆች «ለጥያቄ ትፈለጋላችሁ» ተብለው ከትምህርት መሐል ተጠርተው ወጥተዋል። ደብተሮቻቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጡ ቀሩ፤ ማንም ለመዝጋት አልደፈረም። የእነርሱ መምህር ከዚያ ወዲህ ስም መጥራት ትቶ ነበር። በእኔ ክፍልም ከበስተኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ካኪ የሚለብስ አንድ ተማሪ ይቀመጥ ነበር። ዕድሜው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። የውይይት ክበቡ ኃላፊ እርሱ ነው፤ ሁሉም ካድሬው ይሉታል፣ በሹክሹክታ። አይስቅም፤ «ይውደም!» ሲባል ግን እጁን ያነሣል።

አንድ ጠዋት ስለ መኪና መሪ አስተምር ነበር። አሮጌ ጂፕ ክፍሉ ውስጥ አስገብተን፣ አንዱን ተማሪ አስቀምጬ መሪውን ወዲያና ወዲህ አስነቀነቅሁት። መሪው ይዞራል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም።

«መሪ እንዲህ ሲላላ መኪናው የት ይገባል?» አልኩ።

«ገደል!» አሉ።

«እንግዲያው የላላ መሪ የሁላችሁም ጠላት ነው።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ የገርጂው ልጅ ብድግ አለ። እንደ ልማዱ።

«የላላ መሪ ይውደም!»

ግማሹ ክፍል፣ እርሱም እንደ ልማዱ፣ «ይውደም!» አለ። ግማሹ አፉን ከፍቶ ቀረ። የተነሡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። የልጁ እጅ ብቻ አየር ላይ ቀረ፤ የተናገረው ነገር ገና ያኔ ለራሱ ተሰማው መሰለኝ፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከበሩ አጠገብ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ካድሬው ቆሞ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ፈጥኜ አስቤ አላውቅም፤ ፈጥኖ በማሰብ ደግሞ የሚያክለኝ አላየሁም። በዚያ ዘመን አንድ መፈክር ከተጀመረ እጁን የማያነሣ ሰው ይታያል። ስለዚህ የግራ እጄን ጨብጬ ከራሴ በላይ አነሣሁና ጮህኩ፦

«የለም! መሪ አይወድምም! መሪ ይጥበቅ!»

«ይጥበቅ!» አሉ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ።

«መሪ ይጥበቅ!»

«ይጥበቅ!»

ካድሬውም እጁን አነሣ፤ ምን ያድርግ? ድምፁ ወፍራም ስለነበር ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ወዲያው «ቁልፍ አምጡ፣ ቡሎኑን እዩት» ብዬ ሁሉንም ጂፑ ሥር አስገባኋቸው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ካድሬው ቀረ።

«ጓድ መምህር፣ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ።»

«ጠይቅ።»

«የሚጠብቀው የላላ ነገር ነው አይደል?»

«ነው።»

«ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ቡሎን ማጥበቅን ማሰር ትሉታላችሁ። ቡሎኑን እሰረው፣ ቡሎኑን ፍታው።» ወደ ጂፑ ተመለከተ። «እና መሪ ይጥበቅ ስንል፣ መሪ ላልቷልና ይታሰር ማለታችን ነበር?»

እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ፣

«እኔስ ስለ ጂፑ ነው ያልኩት» አልኩት። «ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው ያንተ ድምፅ ነው። አንተ ስለ ምን ነበር የጮህከው?»

አየኝ። እኔም አየሁት።

«ስለ ጂፑ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ልጁም ስለ ጂፑ ነው።»

«ይሁን። ግን ዓርብ በስብሰባው ላይ ግለ ሂስ ያድርግ። በራሱ አፍ ያስረዳ።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «እዚያም ከቀለደ ለጥያቄ ይፈለጋል። ያኔ እርስዎም ቢሆኑ አይደርሱለትም።»

ልጁን እስከ ዓርብ ወርክሾፕ ውስጥ ያዝኩት። ሞረዱን አስጨብጬ ግለ ሂሱን አስጠናሁት።

«በል ጀምር።»

«ጓዶች፣ ንዑስ ከበርቴያዊ በሆነው አፌ...» አለና በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼ ይሙቱ፣ አፌ መቼ ከበርቴ ሆነ? ቁርሱን እንኳ አልበላም እኮ!»

«ሞርድ።»

ይሞርዳል። እንደገና አስጀምረዋለሁ እንጂ አልለቀውም።

«ጓዶች፣ ያለ ቦታው በመናገሬ...»

«ዓይንህ እየሳቀ ነው። ሞርድ።»

«ዓይኔን ደግሞ የት ላድርሰው ጋሼ?»

«መሬት መሬት እያየህ በል። የእነዚያን ልጆች ደብተር አይተሃል አይደል?»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ደጋግሜ አስባልኩት፤ ቃሉ ከአፉ እንደ ሬዲዮ ዜና እስኪወጣ፣ ዓይኑም እንደ ሌላ ሰው ዓይን እስኪሆን ድረስ። በቃ፣ ሠርቼዋለሁ ብዬ ሞረዱን ተቀበልኩት። መዳፉ ተልጦ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመመገቢያ አዳራሹ ተሰበሰብን። ልጁ ወጥቶ ቆመ። ያስጠናሁትን አንድም ቃል ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ተናገረ። የተናገረው ስለ መኪና መሪ መሆኑን፣ ያለ ቦታው መፎከር የአብዮቱን መፈክር ማርከስ መሆኑን፣ እንደማይደግመው። ካድሬው ከመድረኩ ዝቅ ብሎ አየው።

«መሪ ማለት ምን ማለት ነው?» አለው።

ይህን አላስጠናሁትም። አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ያ ልጅ ምን ሊመልስ እንደሚችል የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ።

«መሪ ማለት» አለ ልጁ፣ «የፊት ጎማዎችን አቅጣጫ የሚያስይዝ የመኪና ክፍል ነው።»

«ሌላስ?»

«እኔ የተማርኩት የመኪናውን ነው።»

ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ካድሬው ለረጅም ጊዜ ፈለገ፤ ፈልጎ አጣ። «ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» አለ። ተጨበጨበ።

ሲመሽ ልጁን ይዤ በሩዋንዳ ሰፈር በኩል ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ዘመን ስንት የተማረ ሰው አንድ ልጅ ማዳን አቅቶት ነበር፤ እኔ በአንድ ቃልና በአንድ ሞረድ አዳንኩ። ይህንኑ ነገርኩት። መሬት መሬት እያየ ይሰማል። ስለ እናቱ ላሞች ጠየቅሁት፣ «ደህና ናቸው» አለ። ካድሬውን በአካሄዱ ቀለድኩበት፣ ሆን ብዬ። አልሳቀም፤ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

አውቶቡሱ መጣ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ቆመ፣ እንደማይሄድ ሰው።

«ምነው? የሆነ ነገር በል እንጂ» አልኩት።

«ምን ልበል ጋሼ?»

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። ቀልድ አልነበረም፤ እንድነግረው እየጠበቀ ነበር።

«ደህና ይደሩ በል» አልኩት።

«ደህና ይደሩ» አለና ገባ።